የደበቅነውና ያልደበቅነው፦ «ስለ ዴፖና ስለ ክንዱ የደበቁን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጽሑፉን ያሳየችኝ አንዲት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳ ግቢ ተማሪ ናት። ተራዋ ደርሶ ስትገባ ካርዷን ትታ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ሲስተር፣ መጀመሪያ ይሄን አንብቢልኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለችኝ። ውጭ አግዳሚው ሞልቶ ነበር፤ ቢሆንም ቆሜ አነበብኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ደገምኩት። በዚያው ሳምንት ሌሎች ሦስት ሴቶች ያንኑ ጽሑፍ ይዘው መጡ። አንዷማ ፊደል አልቆጠረችም፤ ልጇ ነው ያነበበላት። ልጅ ለእናቱ ይህን ማንበቡ ራሱ ያስገርማል፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ልተወው።

የጽሑፉ ርዕስ «ስለ ዴፖና ስለ ክንዱ የደበቁን» ነው። ስለ እርግዝና መከላከያዎች ነው፤ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ የሦስት ወሩ መርፌ፣ ዴፖ፣ እና ክንድ ላይ የሚቀበረው ዘንግ ማሕፀን ያደርቃሉ። የወር አበባ ሲቀር ደሙ ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ እጢ ይሆናል። ዘንጉ እየሄደ ልብ ይገባል። ሁሉም ያወፍራሉ። በየቀኑ የሚዋጠው ክኒን፣ ፒልስ፣ ደም አርግቶ ይገድላል፤ ሁሉም ካንሰር ያመጣሉ። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ አቋርጦ ሰውነትን ማሳረፍ፣ ከተቻለም እንደ እናቶቻችን ጡት በማጥባት ወይም «ሲያስፈልግ ብቻ» ፖስትፒል በመዋጥ መኖር ይሻላል። መዝጊያው ላይ ደግሞ «ነርሶቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ግን አይነግሯችሁም» ይላል።

እኔ ከነርሶቹ አንዷ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ስሠራ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ጸሐፊው ካነሷቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ስሕተት ናቸው። የመጨረሻዋ ግን ግማሿ እውነት ስለሆነች ከሁሉ ያመመችኝ እሷ ናት፤ ወደ በኋላ እመለስባታለሁ። የማነሣቸውን ሴቶች ማንም እንዳይለያቸው አድርጌ ነው የምጽፈው።

«ማሕፀን ያደርቃል»

ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት አንዲት የሚያውቋት ሴት ናት፦ መርፌውን ካቆመች ዓመት ሊሞላት ነው፣ አልጸነሰችም። ሴትየዋ መኖሯን አልጠራጠርም። እኔም ብዙዎቹን አውቃለሁ፤ አንዷ እኔ ራሴ ነኝ።

ዴፖ 150 ሚሊግራም ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን ነው። ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። ቀጠሮው ሦስት ወር ነው ሲባል ሦስት ወሩ ባለቀ ማግስት ከሰውነት ተጠርጎ ይወጣል ማለት አይደለም። ከአንዷ ቶሎ፣ ከሌላዋ ዘግይቶ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ከመጨረሻው መርፌ አንስቶ እስከሚጸነስ ድረስ ያለው ጊዜ መካከለኛው 10 ወር ገደማ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው መግለጫ ራሱ እንደሚለው፣ አቁመው ከሚያረግዙት ሴቶች 68 በመቶው በ12 ወር፣ 83 በመቶው በ15 ወር፣ 93 በመቶው በ18 ወር ውስጥ ይጸንሳሉ። ጸሐፊው የጠቀሷት ሴት እንግዲህ ከቁጥሩ አልወጣችም።

እኔ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ሁለት ዓመት ተወግቻለሁ። ሁለተኛውን ስንፈልግ 11 ወር ጠበቅኩ። ቁጥሩን በቃሌ አውቀው ነበር፤ ለስንቷ ሴት ነግሬዋለሁ። በስምንተኛው ወር አማቴ «ያ መርፌ ነው» ሲሉኝ ግን ምላሴ ተሳሰረ። ሌሊት እየተነሣሁ እቆጥር ነበር። ስለዚህ የምትፈራዋን ሴት ሞኝ አልላትም።

እጸሐፊው ዘንድ የጎደለው ልዩነቱ ነው። የምታዘገየው ዴፖ ብቻ ናት። የክንዱ ዘንግ ከወጣ፣ ፒልስም ከቆመ በኋላ ሴት በዚያው ወር ልታረግዝ ትችላለች። ስለዚህ «ለመጪው ዓመት ልጅ አስባለሁ» ለምትለኝ ዴፖ አልመክርም። ይህን ቁም ነገር መጻፍ ሲቻል «ያደርቃል» ብሎ ማለፍ ሴቶቹን ከማስደንገጥ በቀር ምን ጠቀመ?

«ደሙ ተጠራቅሞ እጢ ይሆናል»

በየወሩ የሚፈሰው ደም፣ ማሕፀን ለእርግዝና ብሎ ውስጡን ያለበሰው ሽፋን ነው። ጽንስ ሳይመጣ ሲቀር ሽፋኑ ይፈርስና ይወጣል። ዴፖና የክንዱ ዘንግ ይህ ሽፋን እንዳይወፍር ያደርጋሉ፤ ስለዚህ የሚፈርስ ነገር የለም። ያልተጠነሰሰ ጠላ ከጋን አይገነፍልም። የሚጠራቀም ደም የለም፣ ከሌለ ደም የሚሠራ እጢም የለም።

ይህን ያህል ለጸሐፊው ይበቃል። የደም ነገር ግን በዚህ አያልቅም። ሴቶቹን ከመከላከያ የሚያስወጣቸው ደሙ ቀረ ብሎ አይደለም፤ አልቆም ብሎ ነው፤ ጸሐፊውም ስለሱ አንድ መስመር አልጻፉም።

ዴፖ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ወራት ደሙ ሥርዓት ያጣል። ሁለት ቀን ይመጣል፣ ይጠፋል፣ በሳምንቱ እንደገና ጠብ ይላል። የቡና አተላ የመሰለ ነጠብጣብ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እየቆየ ሲሄድ ይቀንሳል፤ ዓመት ሲሞላ ከተጠቃሚዎቹ 55 በመቶ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላ 68 በመቶ ያህሉ ደም ፈጽሞ አያዩም። የክንዱ ጠባይ ለየት ይላል። አንዷ ከሁለተኛው ወር በኋላ አታይም፤ ሌላዋ ዓመት ሙሉ መቼ እንደሚመጣ አታውቅም። ፒልስ የጀመረችም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ በተለይ መዋጥ በረሳች ቁጥር፣ ነጠብጣብ ታያለች።

ከዘጌ በጀልባ የምትመጣ ደንበኛ አለችኝ። ገሾ ለመሸጥ ከተማ ስትመጣ እኔ ዘንድ ብቅ ትላለች። ክንዷ ላይ ካስቀበረች አራተኛ ወሯ ነበር። «አውጪልኝ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል የላትም። ያማል? አያምም። ያዞርሻል? አያዞረኝም። ቆይታ ቆይታ ነው የነገረችኝ። የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ንግሥ አገር ሁሉ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሲገባ እሷ ደጅ ቆማ ዋለች። ጠብታ ናት፣ ጨርቅ እንኳ አታረጥብም፤ ግን ደም ናት። ጎረቤቷ «ምነው ዘንድሮ ከውጭ ቀረሽ?» አለቻት። መልስ አልነበራትም፤ ማስቀበሯን ባሏም አያውቅ።

እኛ መዝገብ ላይ ይህ «ቀላል የጎንዮሽ ጉዳት» ተብሎ ይሞላል። እሷን ግን ከዓመቱ ትልቁን ቀን ነጥቋታል። ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ ክፍሌ በዚሁ ጥያቄ ይሞላል፤ አሥራ አምስቱን ቀን አስቀድሰው መቁረብ የሚፈልጉ ሴቶች ናቸው። ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ ሙስሊም እህቶቼ ስለ ጾማቸውና ስለ ሶላታቸው ብለው ይመጣሉ። ደሙ ያስቀራል አያስቀርም የሚለውን የምፈርድ እኔ አይደለሁም፤ የንስሐ አባት አላቸው፣ ሼኽ አላቸው። እኔ የምሰጣቸው ለዚያ ጥያቄ የሚሆን ቃል ነው፦ «ይህ ወርኃዊው ልማዴ አይደለም፤ መድኃኒቱ ያሳሳው ሽፋን ጠብ የሚለው ነው፤ በሽታም አይደለም በሉ» እላቸዋለሁ። ይህን ይዘው ሄደው ቀሎላቸው የተመለሱ አሉ።

መላም አለው። ለአጭር ቀናት የሚታዘዝ አይቡፕሮፌን ደሙን ጋብ ያደርገዋል። የክንዱን ለያዘችና የሚከለክላት ሕመም ለሌለባት ደግሞ ለ21 ቀን ፒልስ ሊታዘዝላት ይችላል። መጠኑን ከጎረቤት አትቀበሉ፤ ጨጓራ ያለባት ሴት በአይቡፕሮፌን ሌላ ጣጣ ታመጣለች። ደሙ ከወትሮው የወር አበባ እጥፍ ከበዛ፣ ወይም ከስምንት ቀን በላይ በኃይል ከፈሰሰ፣ ወይም ከብዙ ወር ዝምታ በኋላ በድንገት ከሆድ ቁርጠት ጋር ከመጣ፣ «መድኃኒቱ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ መመርመር አለበት።

የዘጌዋን ሴት ምርጫዎቹን አስረድቼ አወጣሁላት፤ ውሳኔዋ ነበርና። ወደ ፒልስ ተዛወረች። ከ28ቱ ፍሬ መጨረሻ ላይ ያሉት ሰባቱ ቡናማዎች ብረት ናቸው፣ ሆርሞን የለባቸውም፤ ደሟ የሚመጣው በዚያ ሳምንት ነው። አሁን ቀኗን ታውቀዋለች። ንግሡ ከዚያ ሳምንት ጋር ከገጠመባት ቡናማዎቹን ዘልላ አዲስ ፓኬት እንድትጀምር አሳይቻታለሁ። ፓኬቱን የት እንደምትደብቀው ጠይቄያት አላውቅም።

«ዘንጉ እየሄደ ልብ ይገባል»

አራት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የምትወፍር ለስላሳ ዘንግ ናት። ከላይኛው ክንድ በውስጥ በኩል፣ ልክ ከቆዳው ሥር ትቀመጣለች። ከተቀመጠችበት በጥቂቱ ልትንሸራተት ትችላለች። ጥልቅ ተደርጋ ከተቀበረች ደም ሥር ውስጥ ገብታ ወደ ሳንባ የሄደችበት አጋጣሚ በዓለም ላይ ተመዝግቧል፤ ግን እጅግ ጥቂት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በጣታችሁ ዳብሷት። ካለች አለች። ካጣችኋት ኑ፤ እኛም ካላገኘናት ወደ ሆስፒታል እንልካለን። እስክትገኝ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሙ።

«ሁሉም ያወፍራሉ»

ዴፖ ያወፍራል፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። በአማካይ በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ይጨምራል። አማካይ ነውና ስምንት ኪሎ የጨመረችም፣ የከሳችም አለች። ፒልስ ያወፍራል የሚለው ግን ብዙ ተፈልጎ አልተረጋገጠም። ደግሞ እኮ፣ እዚህ ከተማ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» የሚባልበት ቤትም ብዙ ነው፤ በዚህ ምክንያት ዴፖ ይሰጠኝ ያለችኝ አለች። በዚህ ብቻ ብዬ አልሰጠኋትም።

ጸሐፊው በውፍረት ላይ ሲቆዩ ሌሎቹን ዘለሏቸው። ፒልስ የጀመረች ሴት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያጥወለውላታል፣ ጡቷን ይወጥራታል፣ ራሷን ያማታል። ማታ ከራት በኋላ ብትውጠው ማጥወልወሉ ይቀላል፤ አብዛኛው በሦስት ወር ውስጥ ይለቃል። ማዲያት የሚያወጣባትም አለች። የባሕር ዳር ፀሐይ ያባብሰዋል፤ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ሳብ ብታደርግ ይጠቅማታል፣ ማዲያቱ ከበዛ ግን መከላከያውን ትቀይር። ዴፖን በሚወጉ ሴቶች አጥንት በጥቂቱ ይሳሳል፤ ሲያቆሙት ባብዛኛው ይመለሳል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2004 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አድርጓል።

ስሜትስ? በእኛ ቤት ይህ አይጠየቅም። «ምን ሆነሽ ነው የምትቆጪው?» ይባላል እንጂ «መከላከያሽን መቼ ጀመርሽ?» የሚል የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከዴንማርክ የወጣ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ሆርሞን ያለበት መከላከያ በጀመሩት፣ በተለይ በአፍላ ልጃገረዶች ላይ፣ የድብርት መድኃኒት መጀመር ከፍ ብሎ መታየቱን አሳይቷል። ምክንያቱ ሆርሞኑ ብቻ ነው ብሎ አልደመደመም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዷ ተማሪ ጋር ሳወራ እንቅልፏን፣ ልቧን፣ የአልጋ ፍላጎቷንም እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ያፍራሉ፤ ከዚያ ይናገራሉ።

«ደም አርግቶ ይገድላል፤ ካንሰር ያመጣል»

እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው ፒልስ፣ ኤኖቪድ፣ 150 ማይክሮግራም ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ነበረበት። ዛሬ ከመደርደሪያዬ የማነሣው 30 ነው ያለበት። ደም የማርጋት አደጋው ከኤስትሮጅኑ ነው፤ ቀንሷል፣ አልጠፋም። ከ10,000 ሴቶች መካከል በዓመት ፒልስ ከማይወስዱት ከ1 እስከ 5፣ ከሚወስዱት ከ3 እስከ 9 ሴቶች ደም ይረጋባቸዋል። ከነፍሰ ጡሮች ግን ከ5 እስከ 20፤ በወለዱ የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ደግሞ ከ40 እስከ 65። ጸሐፊው የመጀመሪያውን አደጋ ጽፈው እርግዝናን ከቁጥሩ አውጥተውታል። እኛ ክፍል የምትመጣ ሴት ምርጫዋ በፒልስና በምንም መካከል ቢሆን ኖሮ ሂሳቡ ያስኬዳቸው ነበር፤ ምርጫዋ ግን በፒልስና በእርግዝና መካከል ነው።

ኤስትሮጅን ያለበት ፒልስ የማይሰጣቸው አሉ፦ ደም ግፊት ያለባት፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ሲጋራ የምታጨስ፣ ዓይኗ ላይ ብልጭታ እያየች የሚጀምራት ማይግሬን ያለባት፣ ከዚህ በፊት ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ ከስድስት ወር በታች ሕፃን የምታጠባ። እየወሰደች ሳለ አንድ እግሯ ባቱ ላይ ካበጠና ከጠዘጠዛት፣ ደረቷን ውጋት ከያዛትና ትንፋሽ ካጠራት፣ ከባድ ራስ ምታት በድንገት ከመጣባት፣ ዓይኗ ከጨለመ ወይም አንደበቷ ከተያዘ፣ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ካንሰር አንድ ዓይነት አይደለም። ፒልስ የእንቁላል እጢና የማሕፀን ግድግዳ ካንሰርን ይቀንሳል፤ ጥበቃው ካቆሙትም በኋላ ለዓመታት ይቆያል። የጡት ካንሰርን ዕድል በሚወስዱበት ጊዜ በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፤ ሲያቆሙ እየወረደ ይሄዳል። ከአምስት ዓመት በላይ የወሰደች ሴት የማሕፀን በር ካንሰር ዕድሏ ትንሽ ይጨምራል፤ ለዚህ ምርመራ አለ፣ ልጆቻችንም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ይከተባሉ። ስለ ዴፖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ከፈረንሳይ የወጣ ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በላይ በተወጉ ሴቶች ላይ ሜኒንጂዮማ የሚባለው የአንጎል ሽፋን እጢ ከፍ ብሎ እንደታየ አመልክቷል። እጢው ባብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ የሚያጋጥማትም ጥቂት ሴት ናት። ለዓመታት የተወጋች፣ ራስ ምታቱ የማይለቃት፣ ዕይታዋ የደከመባት ግን መታየት አለባት። እነሆ፣ ጸሐፊው ሊያስፈሩ ፈልገው ያላገኙትን እኔ ጻፍኩላቸው።

አንድ የዘለሉት ነገር አለ፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም እሱ ነው። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ መድኃኒት፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና ኢፋቪሬንዝ የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የፒልስንና የክንዱን ጉልበት ያደክማሉ። የቲቢ መድኃኒት የጀመረች ሴት ይህን ሳትናገር ቀርታ በክንዷ ተማምና ብታረግዝ ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ ያልጠየቃት ሰው ጥፋት ነው።

«ሰውነትን ማሳረፍ፣ ማጥባት፣ ፖስትፒል»

ዕረፍት የሚባል የሕክምና ምክር የለም። ሆርሞኑ እንደ ጭቃ አይከመርም። በ«ዕረፍቱ» ወራት የሚመጣውን ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ የእርግዝና ምርመራው በር ከኔ ቀጥሎ ነው።

ማጥባት በእርግጥ ይከላከላል፤ ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ እስካሉ ድረስ፦ ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች፣ ሌት ተቀን ጡት ብቻ እየጠባ፣ የእናትየው ወር አበባም ያልተመለሰ። ያኔ ከ100 እናቶች የምታረግዘው ሁለት ያህል ብቻ ናት። አንዱ ሲጎድል ጥበቃው ጎደለ። እናቶቻችን በዚህ ኖሩ ማለትስ ትንሽ ያስቃል፤ እናቴ ስምንት ወልዳለች።

ፖስትፒል ላይ ግን ጸሐፊው ራሳቸውን ጠልፈው ጣሉ። አንዱ ፖስትፒል 1.5 ሚሊግራም ሌቮኖርጄስትሬል ነው። አንድ ፍሬ ፒልስ ያለበት የዚሁ ሆርሞን መጠን 0.15 ነው። ሆርሞን ሽሹ ብለው ጀምረው፣ አሥር ፍሬ በአንድ ጉንጭ አስውጠው ጨረሱ። ፖስትፒል ለድንገተኛ ነው፤ ቶሎ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ይረዳል። የተያዘ ጽንስ አያስወርድም፣ ለሚቀጥለው ቀንም አይጠብቅም። በወር ሦስቴ አራቴ የምትውጥ ልጅ ወር አበባዋ ቢዛባባት አይገርምም። ከፔዳም ከፖሊም ግቢ የሚመጡት ተማሪዎች የሚያወሩኝ ይህንኑ ነው።

«ነርሶቹ ያውቃሉ፤ ግን አይነግሯችሁም»

እዚህ ደረስኩ።

ነርስ ሳልሆን፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ የመጀመሪያዬን መርፌ የወጋችኝ ሴት «ሦስት ወር፣ ቀጣይ» አለችኝ። ያ ብቻ ነው የተባልኩት። ደሙ 40 ቀን ቆየብኝ። የሚያልፍ ነገር መሆኑን የነገረኝ አልነበረም፤ ካንሰር ነው ብዬ ለእናቴ ደብዳቤ ልጽፍ ተነሥቼ ነበር። ዛሬ እኔ በዚያች ሴት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጠዋት ሠላሳ ሴት አግዳሚው ላይ ሲጠብቀኝ፣ «ሦስት ወር፣ ቀጣይ» ብያለሁ። ደጋግሜ ብያለሁ። ተንኮል አይደለም፤ ውጤቱ ግን ከተንኮል አይለይም።

በሌላም በኩል ጸሐፊው የሚያውቁት አይመስለኝም እንጂ የሚከስሱን ነገር ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የክንዱን ዘንግ ቀበሌ ድረስ ወርደው እንዲቀብሩ ሠለጠኑ። ትልቅ ሥራ ነበር። ማውጣቱ ግን ለጤና ጣቢያ ተተወ። የተቀበረላት እደጇ ላይ፣ የሚወጣላት በጀልባ ወይም በግማሽ ቀን መንገድ። መጥታም «ገና ሦስት ዓመቱ አልሞላም፣ ታገሺ» ተብላ የምትመለስ አለች። ይህ ነው ወሬውን የሚያራባው። ማውጣት እንደምትችል ያላወቀች ሴት ዘንጉ ልብ ይገባል ቢሏት ለምን አታምን?

ቁጥሩም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአማራ ክልል ካገቡት ሴቶች 47 በመቶ ያህሉ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ይህ ከአገሪቱ አማካይ፣ ከ35 በመቶ፣ በላይ ነው። እዚያው ጥናት ላይ ግን መከላከያ ከጀመሩት ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ዓመት ሳይሞላ ያቋርጣሉ። ሁሉም በጎንዮሽ ጉዳት አይደለም፤ ልጅ ፈልጋ የምታቆምም አለች። እኔ ክፍል ተመልሰው የሚመጡት ግን «እንዲህ እንደሚሆን ብታውቂ ምነው አልነገርሽኝም?» ነው የሚሉኝ።

ስለዚህ ከዓመት ወዲህ በቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀምሬአለሁ። ለዴፖ፦ ደም ይዛባል፤ እስከ ሦስት፣ አራት ወር ጠብቂ፤ ከበዛ ነይ፤ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ ልጅ ስትፈልጊ ወራት ይወስዳል። ለክንዱ፦ ደሙ ቀን የለውም፤ በጣትሽ ዳብሺው። ለፒልስ፦ ማታ ዋጪ፤ እግርሽ ካበጠ ሩጪ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ወረፋውም ይረዝማል። ካርዱን እቤት ማስገባት የማትችል ሴት ስትመጣ በቃሏ አስይዛታለሁ፤ እንደ ዳዊት ትደግምልኛለች።

የፔዳዋ ልጅ በዚያን ቀን አልተወጋችም። ኮንዶም ይዛ ሄደች። በዘጠነኛው ቀን፣ ወር አበባዋ በመጣ በሦስተኛው፣ ጓደኛዋን አስከትላ ተመለሰች፤ የክንዱን መርጣለች። ስቀብርላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ፋሻውን ስጠቀልልላት «ሲስተር፣ በስድስተኛው ወር አልፈልገውም ብዬ ብመጣስ?» አለችኝ። ካርዷን ተቀበልኳትና ከጀርባው፣ ከሌላው ጽሑፍ በታች፣ «ለማስወጣት ከመጣች ያለ ቀጠሮ ትስተናገድ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት።